ዓይኑ ተገለጠ ማለት ነቃ ማለት አይደለም

እንዴት አመሻችሁ ወገኖቼ። ዛሬ የክትባቱን ነገር ልንጨርስ ነበር፤ ይቆየን፣ ለሚቀጥለው ይሁን። ከደሴ፣ ከሰኞ ገበያ በኩል አንዲት እህት የላከችው ድምፅ ከጆሮዬ አልወጣ ብሏል። ውሻው ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ቤት ገባ፣ ዓይኑን ገልጦ አያቸው፣ ደስ አላቸው፣ ወተት ሰጡት፣ ያስል ጀመር። ያለችው ይህን ብቻ ነው።

እዚህች ቅጽበት ላይ ቆም እንበል። ዓይኑ ተገልጧል፣ ሰው ሁሉ ነቃ ነቃ ይላል፣ አንዱ ወተት ሊያመጣ ይሮጣል። እኛ አገር ለውሻ በብዛት የሚወጋው ማደንዘዣ ዛይላዚንና ኬታሚን ነው። ኬታሚን ደግሞ ዓይን አያስከድንም። ውሻው ጭልጥ ብሎ ተኝቶም ዓይኑ ክፍት ነው። እንዲያውም ስለማይርገበገብ ይደርቃል፤ ለዚህ ነው ሐኪሙ የዓይን ቅባት የሚቀባው። ስለዚህ ውሻው ያያችሁ መስሏችሁ ነው እንጂ እሱ አላያችሁም። መዋጥ ገና አልተመለሰለትም። ያን ጊዜ አፉ ውስጥ የገባ ወተት መንገዱን ስቶ ሳንባ ይገባል።

ታዲያ በምን ይታወቃል? ቡቺ ጎኑ ላይ ተኝቷል እንበል። ንጹሕ ጨርቅ ውሃ ነክራችሁ ከንፈሩን አርጥቡት። ላሰው? ከላሰ በኋላ ጉሮሮው ሲንቀሳቀስ አያችሁ? ይሄ አንድ። ሁለተኛው፣ ማንም ሳይደግፈው በደረቱ ተኝቶ ራሱን ቀና አድርጎ መያዝ አለበት። ቀና ብሎ ተመልሶ ዘጭ ካለ ገና ነው። ሁለቱም ከተሟሉ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ውሃ፣ በሳህን፣ ራሱ ይላሰው፤ አፉ ውስጥ አትጨምሩ። ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። ካላስመለሰ ትንሽ ጨምሩ። ምግብ ማታ ነው፣ ከወትሮው ሩብ ያህል።

ከቀዶ ሕክምናው በፊት ባዶ ሆዱን ይምጣ የሚባለውም ለዚሁ ነው። ዛይላዚን ውሻን ያስመልሳል፤ ሆዱ ሙሉ ከሆነ ያስመለሰው ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል። ቀጠሮው ጠዋት 4 ሰዓት ከሆነ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ወዲህ ምግብ የለም። ለቡችላ ግን ይህን ያህል ማስራብ አይሆንም፣ ሐኪሙን ጠይቁ።

እህቴ፣ አብሽሪ። ያደረግሽው ከፍቅር ነው። ግን ሳሉ ስላቆመ አልፏል እንዳትዪ፤ ሳንባ የገባ ነገር ከሰዓታት እስከ 1 ወይም 2 ቀን ቆይቶ ነው የሚብስ። ተኝቶ ሳለ ትንፋሹን ቁጠሪ፤ በደቂቃ ከ30 በላይ ከሆነ፣ ምግብ ከተወ፣ ድዱ ከነጣ ወይም ከጠቆረ፣ ያኑ ቀን ሐኪም ጋ ነው።

ቴርሞሜትር ግዙ ማለቴን መቼም አልተውም። የውሻ ሙቀት ከ38.3 እስከ 39.2 ነው። ቫዝሊን ቀብታችሁ በፊንጢጣ። ከ37 ከወረደ ማሞቅ ያስፈልጋል፤ የደነዘዘ ገላ ራሱን ማሞቅ አይችልም። ኮምቦልቻ አሠርታችሁ የሐረጎን ዳገት ወጥታችሁ ደሴ የምትገቡ ደግሞ አስቡት፣ ከ1,850 ሜትር ገደማ ወደ 2,500 ነው የምትወጡት። መስኮት ይዘጋ፣ ጋቢ ደርቡለት፣ አንገቱ ቀጥ ይበል፣ ምላሱ ወደ ውጭ ይሁን። ቤት ስትገቡ ሃይላንድ ለብ ያለ ውሃ ሞልታችሁ በጨርቅ ጠቅልላችሁ አጠገቡ አኑሩ። ጨርቅ ሳትጠቀልሉ ቆዳው ላይ አታስጠጉት፤ ቢያቃጥለው እንኳ መሸሽ አይችልም። ከሰል አቀጣጥሎ በር መዝጋት ግን ሰውንም ውሻንም ይገድላል። ራሱን ችሎ እስኪነሳ በየ2 ሰዓቱ ጎኑን አገላብጡት።

አሁን የሚያናድደኝን ልናገር። አመመው ተብሎ የሰው ክኒን! ዳይክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌን የውሻን ጨጓራ ያቆስላል፣ ኩላሊቱን ይጎዳል። ለውሻ የሚሆነው ሜሎክሲካም እንኳ መጠኑ ሌላ ነው፤ 10 ኪሎ ለሚመዝን ውሻ በቀን 1 ሚሊግራም ገደማ። የሰው ክኒን ትንሹ 7.5 ሚሊግራም ነው። አንዷን ሙሉ ስትሰጡት ከሰባት ቀን በላይ የሚበቃውን ባንድ ጊዜ ዋጠ ማለት ነው። ሐኪሙ ሳያዝ ምንም!

ወጥ የነካው እንጀራም እንዲሁ። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ይሰብራል፣ ደም የፈሰሰው እንስሳ ደግሞ ሌላ የሚያጣው ደም የለውም። ሩዝና ሥጋ ቀቅሉለት፣ ያለ ሽንኩርት፣ ያለ ቅመም፣ አጥንት ሳይኖረው።

ስፌቱ... በቡናም በቅቤም አይነካ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ትንሽ መቅላትና ማበጥ ያለ ነው። መግል፣ ሽታ፣ የተከፈተ ጠርዝ ካያችሁ ግን ሂዱ። ኮምቦልቻ ያላችሁ ዝንቡን ጠብቁ፤ ቁስል ላይ የጣለው እንቁላል በአንድ ቀን ውስጥ ትል ይሆናል። መላስ እንዳይችል የትንሽ ባልዲ ቂጥ ቆርጣችሁ፣ ጠርዙን በጨርቅ ጠቅልላችሁ ባልዲውን አንገቱ ላይ እሰሩለት፤ ሁለት ጣት የሚያስገባ ይሁን። ክሩ የሚወጣው ከ10 እስከ 14 ቀን ነው።

እነዚያ ቀናት ናቸው የሚከብዱኝ። አይሩጥ፣ አይዝለል እላለሁ። ግን ዘበኛ ነው። ሌሊት ጅብ ሲጮህ ተስፈንጥሮ ይነሳል፣ የውስጡ ስፌት ይበጠሳል። ብታስሩት ገመዱን ይጎትታል። አስገቡት ስል ደግሞ ሰላት የሚሰገድበት ክፍል ማለቴ አይደለም፤ ማድ ቤት፣ ዕቃ ቤት፣ በር ያለው ማንኛውም ጥግ ይሆናል። ያ የሌለውስ? አንድ ክፍል፣ ሕፃን ያለበት ቤትስ? ክሊኒክ ይደር እንዳልል፣ ሌሊት ቁጭ ብሎ የሚያየው ሰው ከሌለ ቤቱ ይሻለዋል። ጎረቤት ዕቃ ቤት ቢያውስ... ከማያውቀው ግቢ ደግሞ ይጮሃል፣ ይቧጥጣል፣ እንደገና ያው መታገል ነው። ወይ ቀጠሮውን ማዘግየት፣ ካልቸኮለ። የቸኮለ ሲሆን ግን እንግዲህ...