ያልደረስሁበት ጫካ

ጤና ይስጥልኝ፣ አድማጮቼ፤ እንኳን በደህና መጣችሁ። ባለፈው ክፍል መጨረሻ ላይ «በሚቀጥለው ስንገናኝ በዱር የሚኖሩ ቺምፓንዚዎችን አይቼ የመጣሁትን እነግራችኋለሁ» ማለቴን የምታስታውሱ ትኖራላችሁ። ቃሌን አልጠበቅሁም። ድምፄን ልብ ብሎ ላዳመጠ ሰው ምክንያቱ አሁንም ይሰማል፤ ጉንፋኑ ከያዘኝ ሦስተኛ ሳምንቱ ቢሆንም ጨርሶ አልለቀቀኝም። ስለዚህ ዛሬ የማወራው አንድ ዓመት ሙሉ ሳቅደው ስለ ከረምሁት ጉዞና በመጨረሻው ሰዓት ስለ ተውሁበት ምክንያት ነው።

ሐሳቡ ሲመጣልኝ መጀመሪያ ያስቸገረኝ የቦታ ምርጫ ነበር። ቺምፓንዚ በምዕራብ ከሴኔጋል አንሥቶ በምሥራቅ እስከ ታንዛኒያ ድረስ በተበጣጠሱ ደኖች ውስጥ ይኖራል፤ ሆኖም መንገደኛ ሄዶ በቅርብ ሊያየው የሚችልባቸው ቦታዎች ጥቂት ናቸው። ምክንያቱም ቺምፓንዚ በተፈጥሮው ሰው ሲያይ ይሸሻል፤ እንዳይሸሽ ለማድረግ ተመራማሪዎችና የፓርክ ጠባቂዎች አንድን ቡድን በየቀኑ እየተከተሉ ለዓመታት ራሳቸውን ማስለመድ አለባቸው።

ልቤ መጀመሪያ የሄደው በታንዛኒያ ወዳለው ወደ ጎምቤ ነበር። ቺምፓንዚዎችን በማጥናት የታወቀችው እንግሊዛዊት ጄን ጉዳል በሐምሌ 1960 እ.ኤ.አ. በሃያ ስድስት ዓመቷ ታንጋኒካ ሐይቅ ዳር ወዳለው ወደዚያ ጫካ ስትገባ፣ ቺምፓንዚዎቹ ገና ከሩቅ ሲያዩዋት እየሸሹ ለወራት አስቸግረዋታል። በመጨረሻ መቅረብ ከፈቀዱላት ቀዳሚው ዴቪድ ግሬይቢርድ ብላ የሰየመችው ወንድ ነበር፤ እርሱም የሣር ዘንግ ወደ ምስጥ ኩይሳ ሰድዶ የተጣበቁበትን ምስጦች በከንፈሩ ሲለቅም ያየችው በዚያው ዓመት ነው። መሣሪያ መሥራትና መጠቀም የሰው ልጅ ብቻ ነው ይባል በነበረበት ጊዜ ይህ ትንሽ ነገር አልነበረም። ጎምቤ ግን 52 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነ ጠባብ ፓርክ ነው፤ የሚደረሰውም ከኪጎማ ከተማ በጀልባ ነው። ከእርሱ በስተ ደቡብ ያለው ማሃሌ ደግሞ ተራራው ከሐይቁ ዳር ቀጥ ብሎ የሚነሣ፣ የኪዮቶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከ1965 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቺምፓንዚዎችን ሲያጠኑበት የኖሩ፣ በጀልባ ወይም በትንሽ አውሮፕላን ካልሆነ በቀር የማይገባበት ስፍራ ነው። ፎቶግራፎቹን ባየሁ ቁጥር እቋምጣለሁ፤ የዕረፍት ቀኖቼን በቆጠርሁ ቁጥር ደግሞ ተስፋ እቆርጣለሁ። በሩዋንዳ ያለውን ንዩንግዌንም አስቤበት ነበር፤ ጫካው ውብ ቢሆንም ቺምፓንዚዎቹ በሰፊው ስለሚዘዋወሩ እነርሱን ማግኘቱ ብዙ ተራራ ማስወጣቱ አይቀርም ተባልሁ። ጉልበቴን ስለማውቀው አልተከራከርሁም።

በመጨረሻ የወሰንሁት በምዕራብ ኡጋንዳ ለሚገኘው ለኪባሌ ነው። 795 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሰፋ፣ ወደ 1,500 የሚጠጉ ቺምፓንዚዎችና በጠቅላላው አሥራ ሦስት የጦጣና የቺምፓንዚ ዘመድ ዝርያዎች የሚኖሩበት ደን ነው። ጎብኚዎች ካኒያንቹ ከሚባለው ጣቢያ በጠዋትና ከቀትር በኋላ በትናንሽ ቡድን ተከፋፍለው ከጠባቂ ጋር ይገባሉ። ፈቃዱ የቀንና የሰዓት ገደብ ያለው ሲሆን፣ ክፍያው ለውጭ ዜጋ፣ በአገሩ ነዋሪ ለሆነ የውጭ ዜጋና ለምሥራቅ አፍሪካ ዜጎች ይለያያል። ዝናቡ ጋብ በሚልባቸው ወራት፣ ማለትም ከሰኔ እስከ ነሐሴ እና ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባለው ጊዜ፣ ጠያቂው ስለሚበዛ ፈቃዱን ከወራት በፊት መያዝ ያስፈልጋል። የቢጫ ወባ ክትባት፣ የወባ መከላከያ መድኃኒት፣ ረጅም እጅጌ፣ ጉንዳን እንዳይገባ ሱሪን የሚያጠልቁበት ወፍራም ካልሲ፤ ይህን ሁሉ ማንም ይነግራችኋልና አልቆይበትም።

የምቆይበት ሌላ ነገር አለ። ጎሪላ ለማየት የሚሄድ ሰው ተሰብስቦ የሚኖር፣ በቀን ብዙም ርቆ የማይሄድ ቤተሰብ ነው የሚከተለው። ቺምፓንዚ ግን እንዲያ አይደለም። አንዱ ማኅበረሰብ መቶ አባላት ቢኖሩትም ቀኑን ሙሉ ሁሉም አብረው አይውሉም፤ ሁለት ሦስት እየሆኑ ይበተናሉ፤ አንድ የሾላ ዛፍ ፍሬው ሲበስል ይሰበሰባሉ፤ ደግሞ ይበተናሉ። የተራራቁትም የሚጠራሩት በዝግታ ተጀምሮ እየጨመረ ሄዶ በጩኸት በሚያበቃው ድምፃቸውና ወንዶቹ የትልልቅ ዛፎችን ሰፊ ሥር እንደ ከበሮ በመደብደብ ነው። ጠባቂዎቹ ቺምፓንዚዎቹ ማታ የት ጎጆ ሠርተው እንዳደሩ አይተው ከሆነ በማለዳ ከዚያ ይነሣሉ፤ ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ በጆሮ የሚመራ ነው። ፍሬ በበዛበት ወቅት ቺምፓንዚዎቹ ሠላሳ ሜትር ከፍታ ላይ ስለሚሆኑ አንገት እስኪያም ሲያንጋጥጡ መዋልም አለ። ሁሉ ተሳክቶ ሲገኙ ደግሞ የሚፈቀደው አንድ ሰዓት ብቻ ነው። ይህን ስሰማ መጀመሪያ ተቆጨሁ፤ ለአንድ ሰዓት ይህን ሁሉ መንገድ! ታላቅ እህቴ፣ አብራኝ ልትሄድ የተስማማችው፣ «ዝንጀሮ ለማየት ነው ይህ ሁሉ ጣጣ?» ብላ ስታሾፍብኝ ቺምፓንዚ ጭራ የሌለው፣ ከዝንጀሮ ይልቅ ለእኛ የቀረበ ዘመድ መሆኑን ለማስረዳት ስንት ጊዜ እንደ ደከምሁ አትጠይቁኝ።

ይህ የዘመድነት ጉዳይ ነው በኋላ ዕቅዴን ሁሉ የገለበጠው። መመሪያው ጭንብል አድርጉ፣ ራቅ ብላችሁ ቁሙ፣ ጫካ ውስጥ አትብሉ፣ የታመማችሁ አትግቡ ይላል፤ እኔም እንደ ማንኛውም የጉብኝት ደንብ በዓይኔ አልፌው ነበር። ከዚያ አንድ ምሽት ስለ ኪባሌ ሳነብ በ2013 እ.ኤ.አ. በዚያው ደን፣ ካኒያዋራ በሚባለው ክፍል የሆነውን አገኘሁ። ተመራማሪዎች የሚከታተሉት 56 አባላት ያሉት ማኅበረሰብ ውስጥ የመተንፈሻ አካል በሽታ ገብቶ አምስቱ ሞቱ። በምርመራ የተገኘው ሪኖቫይረስ ሲ የሚባለው፣ በሰው ላይ ብዙውን ጊዜ ተራ ጉንፋን የሚያመጣው ተሐዋሲ ነው። በኮትዲቯር ታይ ጫካም ከዚያ ቀደም ብሎ ከሰው የመጡ የመተንፈሻ አካል ተሐዋስያን ቺምፓንዚዎችን ገድለዋል። አካላችን መመሳሰሉ በሽታችንን ለመቀበል ያበቃቸዋል፤ እኛ ከልጅነታችን ጀምሮ እየታመምን የለመድነውን ግን የእነርሱ ሰውነት አያውቀውም። አንዲት እናት ቺምፓንዚ የምትወልደው በአምስት ወይም በስድስት ዓመት አንዴ ስለሆነ፣ አምስት ሞት ከአንድ ማኅበረሰብ ላይ ቶሎ የሚተካ ጉድለት አይደለም።

እነሆ ጉዞው ሦስት ቀን ሲቀረው ጉሮሮዬን ከረከረኝ። በማግስቱ አስነጠሰኝ። እውነቱን ልናገር፤ መጀመሪያ ያደረግሁት ነገር ሳል የሚያስታግስ መድኃኒት መፈለግ ነበር። እህቴም «ጭንብል ታደርጊያለሽ፤ አንድ ሰዓት ነው፤ ሳልሽን ዋጥ አድርገሽ ግቢ፤ ማን ያውቅብሻል?» አለችኝ። ማንም ባላወቀብኝ ነበር። ጠባቂው ሐኪም አይደለም፤ የሚያሳል ሰው ካየ ይመልሳል እንጂ የማያስለውን ሰው ጉሮሮ አይመረምርም። ደንቡ የቆመው በጎብኚው ሐቀኝነት ላይ መሆኑን ያን ጊዜ ነው የተረዳሁት። ደግሞም እነዚያ ቺምፓንዚዎች ሲያዩኝ የማይሸሹት ሰዎች ለዓመታት ደክመው ፍርሃታቸውን ስላስጣሏቸው ነው። ፍርሃታቸው ቢኖር ኖሮ ከእኔ ጉንፋን ይጠብቃቸው ነበር።

ትኬቱን ተውሁት። ገንዘቡ ሜዳ ላይ ቀረ፤ እህቴም ለአራት ቀን አላነጋገረችኝም፤ በአምስተኛው ቀን እርሷም ማሳል ጀመረች።

ጭራሹኑ መሄዱ ለምን አይቀርም የሚል ሐሳብ መጥቶብኝ ነበር። ግን ጎብኚ ባይኖር ጫካው በሰላም ይኖራል ማለትም አይቻልም። በኪባሌ ለሌላ እንስሳ በተጠመደ ወጥመድ እጃቸውን ወይም እግራቸውን ያጡ ቺምፓንዚዎች አሉ። በኡጋንዳ ደግሞ ከፓርክ መግቢያ ክፍያ 20 በመቶው በዙሪያው ለሚኖረው ሕዝብ እንዲከፋፈል በሕግ ተወስኗል። የጫካው ጎረቤት ከጫካው የሚያገኘው ነገር ካለ ወጥመድ የማጥመዱ ምክንያት ይቀንሳል ብዬ አስባለሁ፤ ይህም እንዲሁ በቂ ነው ብዬ ራሴን አላታልልም።

ስለዚህ እንደገና እያቀድሁ ነው፤ በዚህ ጊዜ ከበሽታው ተነሥቼ። ፈቃዱን የምይዘው ከደረስን በአምስተኛው ቀን ላይ እንዲውል ነው፤ አውሮፕላን ውስጥ የተቀባነው ጉንፋን ካለ እስከዚያ ይወጣል። በአውሮፕላኑም በመኪናውም ጭንብል አናወልቅም። እህቴ «አምስት ቀን ምን ልንሠራ ነው?» ስትል ከፓርኩ አጠገብ ቢጎዲ የሚባለው፣ የአካባቢው ነዋሪዎች የሚያስተዳድሩት ረግረግ በወፎቹ የታወቀ መሆኑን ነገርኋት። ውላችንም ይህ ነው፤ ካሳልሁ እርሷ ብቻዋን ትገባለች፤ ካሳለች እኔ እገባለሁ። ሁለታችንም ካሳልን፣ እናንተ ይህንኑ ክፍል ደግማችሁ ታደምጣላችሁ።