ያፈርንበት ድስት፦ በቱ ቢሽቫት ምሽት በእስራኤል ለምንኖር ኢትዮጵያውያን አይሁድ የአረጋውያን ክበብ የተዘጋጀ ንግግር

ክቡራን ቄሶቻችን፣ የተከበራችሁ ሽማግሌዎችና እናቶች፣ የክበባችን ኮሚቴ አባላት፣ ወላጆቻችሁን አጅባችሁ የመጣችሁ ወጣቶች፤ እንኳን ለዛፎች አዲስ ዓመት በሰላም አደረሳችሁ።

ኮሚቴው ስለ ሜዲትራኒያን አመጋገብ እንድናገር ሲጋብዘኝ የሰጠኝ ጊዜ ግማሽ ሰዓት ነበር፤ ዛሬ በር ላይ ስደርስ ግን የሰዓቱ እኩሌታ ለማሲንቆ መተላለፉ ተነገረኝ። ከማሲንቆ ጋር የሚከራከር ሰው ስለሌለ፣ ካዘጋጀሁት ውስጥ ለአንዱ ጉዳይ ብቻ በቂ ጊዜ ሰጥቼ ሌላውን በአጭሩ አልፈዋለሁ።

በመጀመሪያ ከፊታችን ያለውን ጠረጴዛ እንመልከት። ቄሶቻችን ከኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 8 ሲያነቡልን እንደሰማነው፣ ይህች ምድር የተመሰገነችው በስንዴና በገብስ፣ በወይንና በበለስ፣ በሮማንና በወይራ፣ እንዲሁም በማር ነው፤ ማሩንም ብዙ ሊቃውንት የተምር ማር ነው ይሉታል። በሳህኖቹ ላይ የማየው ግን በስኳር የተነከረ አናናስና ፓፓያ፣ ከሩቅ አገር በመርከብ የመጣ የደረቀ ፍሬ ነው። ሌላው ሁሉ ቢቀር ገብሱ የት ሄደ? ቆሎውንና በሶውን ከማንም በላይ የምናውቀው እኛ አይደለንምን?

የሜዲትራኒያን አመጋገብ የሚባለውን ነገር ዓለም ያወቀበት መንገድ ለጉዳዬ ስለሚጠቅመኝ ላስታውሳችሁ። አንሰል ኪስ የተባሉ አሜሪካዊ ተመራማሪ ከ1958 ጀምሮ በ7 አገሮች፣ ማለትም በአሜሪካ፣ በፊንላንድ፣ በሆላንድ፣ በጣሊያን፣ በግሪክ፣ በዩጎዝላቪያና በጃፓን፣ ከ12 ሺህ በላይ ወንዶችን ለዓመታት ተከታተሉ። በልብ በሽታ የሚሞተው ሰው በምሥራቅ ፊንላንድ እጅግ ብዙ፣ በግሪኳ የቀርጤስ ደሴት ግን እጅግ ጥቂት ሆኖ ተገኘ። ጥናቱ ሴቶችን አለማካተቱና ሌሎችም ጉድለቶቹ እስከ ዛሬ ይተቻሉ፤ ትችቱም ተገቢ ነው። እኔ ግን እንድታዩልኝ የምፈልገው የቀርጤስ ሰዎች እነማን እንደነበሩ ነው። ከጦርነት የወጡ ድሃ ገበሬዎች ነበሩ። ሥጋን በበዓል ካልሆነ እምብዛም አያዩትም ነበር፤ የሚበሉት ያልተፈተገ ዱቄት ዳቦ፣ ሽምብራ፣ ምስር፣ ባቄላ፣ እንዲሁም ሴቶች ከየሜዳው ለቅመው ቀቅለው የወይራ ዘይትና ሎሚ የሚያፈሱበት ቅጠል ነበር። በ2010 ዩኔስኮ ይህን አመጋገብ ከዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች መካከል ሲመዘግበው፣ የመዘገበው የድሆችን ማዕድ ነው።

ዛሬ በመጽሔት ላይ በዚሁ ስም የሚሸጥልን ሳልሞንና አቮካዶ፣ ከውጭ አገር የመጣ ውድ እህልና በትንሽ ጠርሙስ የታሸገ ዘይት ነው። ሳልሞን የቀዝቃዛ ባሕር ዓሣ ነው፤ የቀርጤስ ገበሬ በዘመኑ አይቶት አያውቅም።

ወደ መጣሁበት ጉዳይ ልግባ። ከእናንተ ብዙዎቻችሁ እናቴን ታውቋታላችሁ። ከመርከዝ ክሊታ፣ ከአዲስ ገቢዎች መቀበያ ማዕከል፣ ወጥተን አሁን ወዳለንበት ሰፈር በገባንበት ዘመን፣ ክረምቱ ዘንቦ ካቆመ በኋላ ከሕንጻው ጀርባ ያለው ባዶ ቦታ ክብ ቅጠል ባለው፣ ዐረቦች ሁቤዛ በሚሉት ዕፅ ይሸፈን ነበር፤ ኢትዮጵያ ሳለን ልት የምንለው ዕፅ ዘመድ ነው። እናቴ በነጠላዋ ጫፍ ትለቅመዋለች፣ በሽንኩርትና በነጭ ሽንኩርት ትሠራዋለች፣ ከምስር ጋር ታቀርብልናለች። እኛ ልጆቿ በሃፍረት እንሞት ነበር። የክፍል ጓደኞቻችን በመስኮት ያዩናል ብለን መጋረጃ እንዘጋ ነበር፤ ወንድሜማ «እማዬ፣ እዚህ አገር ሣር የሚበላ ፍየል ብቻ ነው» እስከ ማለት ደርሷል። አንድ ቀን ከሁለተኛው ፎቅ የምትኖር ሞሮኳዊት አሮጊት ቢላዋና ከረጢት ይዛ ወርዳ፣ ከእናቴ አጠገብ ጎንበስ ብላ መልቀም ጀመረች። የጋራ ቋንቋ የላቸውም፤ እናቴ ዕብራይስጥ አልጀመረችም፣ ሴትየዋም የሚቀናት ዐረብኛ ነው። ከዚያ ቀን በኋላ ግን አንዷ በጨው የተዘፈዘፈ ሎሚና ወይራ ጨምራ የሠራችውን፣ ሌላዋ በርበሬ ነካ አድርጋ የሠራችውን በሳህን እየተለዋወጡ ክረምቱን አሳለፉ። በሞሮኮ ይህ ምግብ ባኩላ እንደሚባልና በክብር ለእንግዳ እንደሚቀርብ የሰማነው ከልጅ ልጇ ነው።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። ሌላ ጎረቤት ለአንድ መሥሪያ ቤት ደውሎ «ከሕንጻው ጀርባ ኢትዮጵያዊት አሮጊት በረሃብ ሣር እየነጨች ትበላለች» ብሎ አመለከተ። እናቴ በዚያን ጊዜ አሮጊት እንኳ አልነበረችም። የመሥሪያ ቤቱ ሴት መጥታ፣ ድስቱን ሳትከፍት፣ ምን እንደምንበላ ሳትጠይቅ፣ ሳሎኑንና ማቀዝቀዣውን ቃኝታ ጽፋ ሄደች። በሳምንቱ ካርቶን ደረሰን። ካርቶኑ ውስጥ የነበረውን ዛሬም በቃሌ እወጣዋለሁ፦ ነጭ ዱቄት፣ ነጭ ሩዝ፣ ስኳር፣ የቸኮሌት ቅባት፣ ብስኩት፣ ቀይ የፔቴል ሽሮፕ በትልቅ ጠርሙስ። እኛ ልጆች ጨፈርን። ሴትየዋ ክፉ ሰው አልነበረችም፤ እጃችንን ጨብጣ፣ ጸጉራችንን ዳብሳ ነው የሄደችው። ነገር ግን ማዕዳችንን አይታ ችግር ነው ያለችውና ያንን ካርቶን መፍትሔ ብላ የላከችው እርሷ ናት፤ እናቴም ከእንግዲህ ልጆቼ ያፍሩብኛል ብላ ቅጠል መልቀም አቆመች። በ1948 ኢየሩሳሌም በተከበበች ጊዜ የከተማው ሕዝብ ከረሃብ የተረፈው ይህንኑ ሁቤዛ ከየሜዳው እየለቀመ እንደሆነ በትምህርት ቤት ያስተማሩን ከዚያ በኋላ ነው። የእነርሱ ታሪክ ሲሆን ጀግንነት፣ የእናቴ ሲሆን ማመልከቻ!

ዓመታት አለፉና እናቴ ስኳር ያዛት። ወደ ጤና መድን ክሊኒኳ፣ ኩፓት ሆሊም፣ ስትሄድ በአማርኛ የተጻፈ የሚያምር ወረቀት ተሰጣት፤ በላዩ ላይም «አረንጓዴ ቅጠልና ጥራጥሬ አዘውትሩ» የሚል ምክር አለበት። ወረቀቱን አነበብኩላት። ምን እንዳለችኝ እዚህ ቄሶች ፊት አልደግመውም።

ይህ የአንድ ቤት ታሪክ ብቻ ቢሆን ጊዜያችሁን አልወስድም ነበር። ማኅበረሰባችን ወደዚህ አገር ሲገባ የስኳር በሽታ በመካከላችን እጅግ ብርቅ ነበር። ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ግን የእስራኤል ሐኪሞች በሽታው በኢትዮጵያ ልጆች ላይ በፍጥነት እየጨመረ መሆኑን ደጋግመው ጽፈዋል፤ ከሌላው ሕዝብ በተለየም ገና ሳንወፍር ሊይዘን እንደሚችል አሳይተዋል። ስለዚህ «እኔ ቀጭን ነኝ» የሚል ሰው ተማምኖ አይቀመጥ፤ የ3 ወር ስኳሩን ይለካ። ለበሽታው መብዛት ምክንያቱ አንድ ብቻ አይደለም። ከእርሻ ወደ ወንበር መዛወራችን፣ ጭንቀታችን፣ የሌሊት ፈረቃችን ሁሉ ድርሻ አላቸው። ነገር ግን ጤፍ ተወዶና ጠፍቶ እንጀራችንን በነጭ ዱቄትና በሩዝ መጋገራችን፣ ምስሩንና ሽሮውን ለጦም ቀን ትተን በሌላው ቀን ከእርሱ መራቃችን ከሁሉ በፊት በእጃችን ያለ ነገር ነው።

ምስር በሰውነታችን ምን እንደሚሠራ በአጭሩ ልንገራችሁ። በምስር፣ በሽምብራ፣ በባቄላና በአተር ውስጥ ያለው ስታርች ከአሰርና ከፕሮቲን ጋር ስለተያያዘ ቀስ ብሎ ይፈጫል፤ ስኳሩ ወደ ደም የሚገባው በዝግታ ነው። ከዚያም በላይ፣ ጠዋት ምስር የበላ ሰው ቀጥሎ በሚበላው ምግብ ላይ እንኳ ስኳሩ ከሌላው ሰው ያነሰ ከፍታ እንደሚያሳይ ተመራማሪዎች ካወቁት ከ40 ዓመት በላይ ሆኗል። ነጭ ዳቦ ይህን አያደርግም፤ ፈጥኖ ይገባል፣ ፈጥኖ ያስርባል። ሽሮ ደግሞ ከሽምብራ የተሠራ ነው፤ ቁሌቱን በዘይት በደንብ ካበሰልነውና ቲማቲም ካለበት፣ የቲማቲሙ ቀይ ቀለም፣ ሊኮፒን የሚባለው፣ ከጥሬው ይልቅ በተሻለ ሁኔታ ወደ ሰውነት ይገባል። ሎሚ ጠብ ብናደርግበት በምስሩ ውስጥ ያለውን ብረት ሰውነታችን በቀላሉ ይወስደዋል፤ ወዲያው ቡና ከጠጣንበት ግን ይኸው ብረት ይቀንስብናል። ቡናውን አልከለክልም፤ ማንም ሊከለክል አይችልም፤ አንድ ሰዓት ያህል ይቆየን ነው የምለው።

ከአገራችን ማስረጃ ለሚፈልግ ደግሞ አንድ ልጨምር። የቤን ጉሪዮን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በዲሞና የኑክሌር ምርምር ማዕከል 322 ሰዎችን በሦስት ዓይነት አመጋገብ ከፍለው ለ2 ዓመት ተከታትለው በ2008 ውጤቱን አሳተሙ። የሜዲትራኒያን ማዕድ የደረሳቸው በአማካይ ከ4 ኪሎ በላይ ቀነሱ፤ ስኳር ያለባቸውም ቅባት ብቻ እንዲቀንሱ ከተነገራቸው ይልቅ ባዶ ሆድ ሲለኩ የተሻለ ውጤት አሳዩ። እኔን የገረመኝ ግን ሌላው ነው፦ የቀኑ ዋና ምግብ ምሳ ሲሆን፣ ምሳው ከሥራ ቦታው ምግብ ቤት ነበር የሚቀርበው። ጠረጴዛው ላይ የሚቀመጠውን የሚወስን ሰው ከሐኪም ያልተናነሰ ሥራ ይሠራል።

እንግዲህ ኮሚቴያችን ይቅርታ ያድርግልኝና፣ የእኛን ጠረጴዛ ማን ነው የሚወስነው? በሠርጋችን፣ በለቅሶ ቤታችን፣ በስግድ በዓላችን ማግስት፣ ዛሬም እዚህ፣ ሊትር ተኩል የሚይዙት የጣፋጭ መጠጥ ጠርሙሶች እንደ ጦር ሠራዊት ተሰልፈው ይቆማሉ። በአንዱ ጠርሙስ ውስጥ 150 ግራም ያህል ስኳር አለ። ከ2020 ጀምሮ ሕጉ ስኳሩ ብዙ ነው የሚል ቀይ ምልክት ለጥፎበታል፤ ፊደል ያልቆጠረ ሰው እንኳ ያየዋል። መንግሥት በ2022 ግብር ጣለበት፣ በ2023 ግብሩን አነሣው፤ በእኛ አዳራሽ ግን ግብሩ ሲጣልም ሲነሣም ጠርሙሱ ከጠረጴዛው አልወረደም። ስኳር ያለባት እናት መድኃኒቷን በቦርሳዋ ይዛ ስትመጣ፣ «እንግዳ በባዶ አይሸኝም» ብለን ብርጭቆዋን እስከ አፉ እንሞላለን! ተልባችን ምን ሆነ? ውኃስ ምን ሆነ? ያቺ ካርቶን የላከችልን ሴት አታውቅም ነበር፤ እኛ ግን እያወቅን ነው።

ቀሪውን በአጭሩ። ሹክ፣ ማለትም ገበያ፣ ስትወጡ ወሩ የሚሰጠውን ግዙ፤ በወሩ የደረሰ ነገር ርካሽም ጣፋጭም ነው። አሁን ክረምቱ የብርቱካንና የመንደሪን፣ የጎመን፣ የአበባ ጎመን፣ የቆስጣና የቀይ ሥር ነው፤ ብርቱካኑን ጨምቃችሁ ሳይሆን ልጣችሁ ብሉት። በጸደይ የፔሳሕ በዓል ሲቃረብ እሸት ባቄላና አርቲሾክ ይመጣል፤ በጋው የቲማቲም፣ የደበርጃንና የበለስ ነው፤ መጸው ሮማኑንና አዲሱን የወይራ ዘይት ያመጣል። ዘይቱን ከምድጃና ከፀሐይ አርቃችሁ አስቀምጡት። ዓሣ ለለመደ ሰው ትናንሾቹ ሰርዲኖች ከሳልሞን አያንሱም።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ደም እንዳይረጋ የሚከለክለውን ኩማዲን የምትወስዱ ሰዎች ከዛሬ ምሽት ተነሥታችሁ ቅጠል በድንገት አታብዙ፤ በአረንጓዴ ቅጠል ውስጥ ያለው ቫይታሚን ኬ የመድኃኒቱን ሥራ ስለሚለውጠው መጀመሪያ ሐኪማችሁን አነጋግሩ። የስኳር መድኃኒት ወይም ኢንሱሊን የምትወስዱም አመጋገባችሁን ስትቀይሩ እንዲሁ አድርጉ። ሁቤዛ ለመልቀም የምትወጡ ደግሞ ከመንገድ ዳርና መድኃኒት ከተረጨበት ቦታ ራቁ።

ለኮሚቴው ያለኝ ጥያቄ በጽሑፍ ተዘጋጅቶ በሊቀ መንበሩ እጅ ነው። በዚህ አዳራሽ በሚደረግ ማንኛውም ዝግጅት ጣፋጭ መጠጥ እንዳይገዛ፣ በምትኩ ውኃ፣ ተልባና ያልጣፈጠ ሻይ እንዲቀርብ፣ ከእንጀራውም ጋር ቢያንስ አንድ ድስት ምስር ወይም ሽሮ እንዲኖር ይጠይቃል። የገንዘብ ነገር እንዳይነሣ ሂሳቡን ሠርቼ አያይዤዋለሁ፤ ከጠርሙሶቹ ዋጋ ይተርፋል። የፑሪም በዓል ከአንድ ወር ያልበለጠ ጊዜ ስለቀረው ውሳኔው ከዚያ በፊት እንዲነገረን እጠይቃለሁ፤ የምትደግፉም ስትወጡ በር ላይ ካለው መዝገብ ፈርሙ።