አሮጌ ሰርቨር የተረከበ ሰው የትኛውን የትሬድ ላይብረሪ ይምረጥ?
(ኮምቦልቻ ላይ ለቴክኖሎጂ ተማሪዎች የተዘጋጀ ንግግር)

የተከበራችሁ መምህራን፣ ውድ ተማሪዎች፣ እንደምን ዋላችሁ! ከምሳ በኋላ ስለ ትሬድ ላይብረሪ (ፕሮግራሞች ትሬድ ለማስነሳት ስለሚጋሩት ኮድ) ማውራት እንቅልፍ እንደሚጋብዝ አውቃለሁ። አብሽሩ፣ አላስረዝምም። ትሬድ ማለት በአንድ ፕሮግራም ውስጥ ከሌሎች ጎን ለጎን የሚሄድ የሥራ መስመር ነው።

ነገ ከእናንተ አንዱ ደሴ ወይም ወልድያ ሥራ ይይዝና ለዓመታት ማንም ያልነካው የሊኑክስ ሰርቨር ይረከባል። አለቃው «አሻሽለው» ይለዋል። ጂሊብሲን፣ ማለትም የትሬድ ላይብረሪው አብሮት የሚመጣውን የሊኑክስ መሠረታዊ የሲ ላይብረሪ፣ መቀየር ግን ቀልድ አይደለም። ማሽኑ ላይ ያለው ፕሮግራም ሁሉ ማለት ይቻላል የሚሠራው በእሱ ነው።

ማሽኑ በጣም ያረጀ ከሆነ ሊኑክስትሬድስ የሚባለውን የድሮ የትሬድ ላይብረሪ ታገኙበታላችሁ። የዣቪዬ ለርዋ ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) ስለ ትሬድ እምብዛም አያውቅም ነበር። ስለዚህ እያንዳንዱ ትሬድ የራሱ ፒአይዲ (መለያ ቁጥር) ያለው ፕሮሰስ፣ ማለትም ራሱን የቻለ ፕሮግራም፣ ሆኖ ይመዘገብ ነበር። ለአንድ ማሳ ደቦ የወጣ አጫጅ ሁሉ ቀበሌ ላይ ባለማሳ ተብሎ እንደተመዘገበ ቁጠሩት። ለባለማሳው መልእክት ቢላክ ማን ይቀበል? የሲግናል (ለፕሮሰስ የሚላክ መልእክት) ጣጣው ይኸው ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2002 ሁለት ቡድኖች መፍትሔ ይዘው ተፎካከሩ። የአይቢኤሙ ኤንጂፒቲ ብዙ ትሬዶችን በጥቂት የከርነል ትሬዶች ላይ ያፈራርቅ ነበር። የሬድ ሃቶቹ ኡልሪክ ድሬፐርና ኢንጎ ሞልናር ግን ለአንድ ትሬድ አንድ የከርነል ትሬድ ብለው ከርነሉን ራሱን አስተካከሉ። ትሬዶች ተራ የሚጠባበቁበትን ፉቴክስ የሚባለውንም መቆለፊያ ተጠቀሙ። በሙከራቸው 15 ደቂቃ ይፈጅ የነበረው 100,000 ትሬድ የማስነሳት ሥራ በ2 ሰከንድ አለቀ። ኤንፒቲኤል የተባለው ይህ የእነሱ ሥራ አሸነፈ። ሲገርም፣ የተሸነፈው ሐሳብም አልሞተም፤ ዛሬ ጎ (Go) በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋና በጃቫ 21 ውስጥ እየሠራ ነው።

እና የቱን እንምረጥ? ኤንፒቲኤልን። ይህ ብዙ አያከራክርም። የሚያስቸግረው የድሮውን ጉድለት የለመደ ፕሮግራም ነው። ፒአይዲ እየመዘገበ ትሬዶቹን የሚለይ ኮድ አለ። ኤንፒቲኤል ላይ ሁሉም ትሬዶች አንድ ፒአይዲ ይመልሳሉ፤ ኮዱም ያለ ምንም የስህተት መልእክት ይሳሳታል። አንዱን ትሬድ ብቻ ሥልጣኑን እንዲለቅ በሴትዩአይዲ (የተጠቃሚ መለያን በሚቀይረው ትእዛዝ) ያዘዘ ፕሮግራምም አለ። አሁን ትእዛዙ ለሁሉም ይደርሳል። እኔን የሚያስፈራኝ እንዲህ ያለው ዝም ብሎ የሚበላሽ ነገር ነው። ቢወድቅማ ይታያል!

ኤልዲ አሱም ከርነል በሚባል ማስተካከያ ለአንድ ፕሮግራም ብቻ የድሮውን ማስመረጥ ይቻል ነበር። ማምለጫው ግን ጊዜያዊ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው ጂሊብሲ 2.4 ሊኑክስትሬድስን አስወጣ። ስለዚህ መጀመሪያ ጌትኮንፍ በሚባለው ትእዛዝ የትኛው የትሬድ ላይብረሪ እንዳላችሁ እወቁ። ቅጂ ማሽን ላይ አሻሽሉ፤ ሥራ ጫኑበት። የወር መጨረሻ ደመወዝ በአዲሱ ላይ በትክክል ሳይሰላ ደግሞ አሮጌውን እንዳታጠፉ።

አመሰግናለሁ። ጥያቄ ያለው እጁን ያውጣ።