የሞተውን ጉቶ ለምስጥ እንተውለት
በአሶሳ አካባቢ በተካሄደ የመስክ ቀን ለባሕር ዛፍ አልሚ አርሶ አደሮች የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ ወጣት አርሶ አደሮች፣ የልማት ሠራተኛ ባልደረቦቼ፤ እንደምን አደራችሁ።

በአሶሳ ምድር ቆሞ ምስጥን በበጎ ማንሳት ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ። ከመካከላችሁ የጎጆው ምሰሶ ውስጡ ተበልቶ ቅርፊቱ ብቻ የቀረበት አለ። ማንጎው የደረቀበት አለ። በክረምት የተከለው የባሕር ዛፍ ችግኝ በጋው ሳይጋመስ የወደቀበትማ ብዙ ነው። እኔም ሥራ በጀመርኩበት ዓመት አንድ ሙሉ የችግኝ መደብ ተበልቶብኛል። ያን ጊዜ ከመርዝ ሌላ መላ አላውቅም ነበር።

ዛሬ የመጣሁት ስለ ጉቶ ልነግራችሁ ነው። ዛፉ ተቆርጦ አጣናው ከተሸጠ በኋላ ብዙዎቻችሁ ጉቶውን በዶማ ስትታገሉት ትውላላችሁ፤ ወይም ቅርንጫፍና ቅጠል ከምራችሁበት ታነዱታላችሁ። የሞተውን ጉቶ እንድትተዉት እለምናችኋለሁ።

ባለፈው ሳምንት እዚሁ ማሳ ውስጥ ሦስት ክረምት ያለፈበትን ጉቶ ፈልጌ አየሁ። ላዩ ላይ ቀይ አፈር ተለጥፎበታል እንጂ ደህና ጉቶ ይመስላል። አፈሩን በጥፍሬ ሳነሳው ነጫጭ ሠራተኞች ወዲህና ወዲያ ተበተኑ፤ ራሰ ትልልቅ ወታደሮች ደግሞ ወደ ተከፈተው ቦታ ወጡ። ያ አፈር ምስጡ በምራቁ እያቦካ የለጠፈው ጣራ ነው፤ ከፀሐይና ከጉንዳን ይሸሸግበታል። ከሥሩ የነበረው እንጨት ተበልቶ በምትኩ አፈር ገብቶበታል። ጣቴን በዋናው ሥር ቦታ ስሰደው እስከ አንጓው ገባ። ዶማ ሳይነካው ተቆፍሯል፤ የክረምቱም ውኃ በዚያው ይሰርጋል።

ኩይሳ ሠሪዎቹ ምስጦች ይህን ሥራ ብቻቸውን አይሠሩትም። የበሉትን እንጨት በዐይነ ምድራቸው መልክ በኩይሳው ጓዳ ይከምሩና ፈንገስ ያበቅሉበታል። በክረምት ከኩይሳ ላይ ለቅመን የምንበላው እንጉዳይ የዚሁ ፈንገስ ፍሬ ነው። ጠንካራውን የእንጨት ክፍል የሚሰብረው እርሱ ነው፤ ምስጡ ያረጀውን ክምር መልሶ ይበላዋል። የተተወ ኩይሳ ተንዶ ማሳ ላይ ሲበተን ሰብሉ የሚያምረው ያለ ምክንያት አይደለም።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ነገር ልምጣ። ምስጥ በአብዛኛው የሚፈልገው ደረቁን ነው። ደረቁን ሁሉ ጠርገን ካቃጠልንበት በበጋ የሚያገኘው ችግኛችንን ነው። በምዕራብ ወለጋ፣ በመንዲና በማና ስቡ፣ ሣሩ በግጦሽ ዛፉም በምንጣሮ ሲመናመን ምስጡ በሰብሉና በቤቱ ላይ በረታ። በየኩይሳው መርዝ ተጨመረ። ለምስጥ ይውል የነበረው አልድሪን እ.ኤ.አ. በ2001 የተፈረመው የስቶክሆልም ስምምነት ካገዳቸው ወይም ከገደባቸው የመጀመሪያዎቹ 12 ኬሚካሎች አንዱ ሆነ። መርዙ ቀረ፤ ምስጡ ግን ዛሬም አለ።

የባሕር ዛፍ ጉቶ ግን ዝም ብሎ አይሞትም፤ ያቆጠቁጣል። ዳግመኛ አጣና የምትፈልጉ ሰዎች ይህን ትወዱታላችሁ። መሬቱን ለሰብል የምትፈልጉ ግን ዛፉ እንደተቆረጠ፣ እርጥብ ሳለ፣ የጉቶውን ልጥ ከአፈሩ በታች ድረስ ላጡት፤ ቡቃያው የሚወጣው ከልጡ ሥር ነውና። ያመለጠ ቡቃያ ካለ ሳይጠና ስበሩት። ጉቶው ሲደርቅ ምስጡ ራሱ ፈልጎ ያገኘዋል። ከቤትና ከጎተራ አጠገብ ያለውን ጉቶ ግን ነቅላችሁ አውጡ፤ በዚህ አልከራከርም።

አንዲት እናት «እስከዚያ መሬቴ ሥራ ይፍታ?» ብለውኝ ነበር። አይፍታ፣ እናቴ። በጉቶዎቹ መካከል ማሽላ ይዝሩ፤ ከበቆሎ ይልቅ ምስጥን ይችላል። በሬ ባይገባ በእጅ ይቆፈራል።

ምሳ ሳይቀርብ ወደ ማሳው እንውረድ። ሦስት ጉቶ አዘጋጅቻለሁ፤ አንዱ ዘንድሮ የተቆረጠ፣ አንዱ የአምና፣ አንዱ ያ ሦስት ክረምት ያለፈበት። መጥረቢያ የያዛችሁ ከፊት ሁኑ።