ቫርኒሿ መስታወት የመሰለችውን ጀልባ ልግዛት? (የአድማጮች ጥያቄና መልስ)

አድማጭ ከስቶክሆልም፦ ጤና ይስጥልኝ፣ እዚህ አንድ ሽማግሌ እኤአ በ1956 የተሰራች ፎልክቦት የምትባል የእንጨት የሸራ ጀልባ እየሸጡ ነው፣ ሙሉ በሙሉ ታድሳለች ይላሉ፣ ቫርኒሿ ፊት ያሳያል፣ ልግዛት?

መልስ፦ እህቴ ፎልክቦት እኔ በጣም የምወዳት ጀልባ ናት። እኤአ በ1942 ነው የመጣችው፣ የጀልባ ንድፍ ውድድር ወጥቶ አንድም አሸናፊ ሳይመረጥ ቀረና ቶርድ ሱንዴን የሚባል ሰውዬ ከቀረቡት ንድፎች ጥሩ ጥሩውን ወስዶ አንድ አድርጎ ሳላት፣ ሀሳቡ ተራው ሰውም ጀልባ ይኑረው ነው። 7 ሜትር ተኩል ገደማ ናት፣ ወደ ሁለት ቶን ትመዝናለች፣ ግማሹ ከስሯ ያለው ብረት ነው፣ ለዛ ነው ነፋስ ቶሎ የማይገለብጣት። እኤአ በ1960 ለብቻ ሆኖ አትላንቲክን በሸራ የማቋረጥ ውድድር ላይ ሁለተኛ የወጣው ሰው የነዳው እኮ የተሻሻለች ፎልክቦት ነው!

ቫርኒሹን ግን ተይው። እንጨት ጀልባ ብዙ ጊዜ የሚበሰብሰው ከስር በባህሩ ሳይሆን ከላይ ሾልኮ በሚገባ የዝናብ ውሃ ነው፣ ስለዚህ ባትሪ ይዘሽ ውስጥ ግቢና የላይኛውን ወለል ጠርዝ ከስር እዪው፣ የኋላውን ግድግዳ ማዕዘን፣ የሸራው ምሰሶ የሚያርፍበትን። አስፈቅደሽ በካቻቢቴ ጫን አድርጊው፣ ጤነኛ እንጨት አያስገባሽም፣ የበሰበሰው እንደ እርጥብ ዳቦ ይዋጥልሻል። በእጀታው ደግሞ ጣውላውን ኳ ኳ አድርጊ፣ ድምጹ ጥርት ካለ ጥሩ፣ ዱብ ዱብ ካለ እዛ ጋ ቁሚ። የስሩን ብረት የያዙት ብሎኖች መቼ እንደወጡና እንደታዩ ጠይቂ፣ ዝገት መሃላቸውን በልቶ ጫፋቸው አዲስ ሊመስል ይችላል። ላይዋን በፋይበርግላስ ሸፍነዋት ከሆነ እኔ ብሆን አልገዛም፣ እርጥበቱን ውስጥ ያፍነዋል። ደግሞ የእድሳቱን ፎቶ ጠይቂያቸው፣ ከልቡ የሰራ ሰው ጣውላው ተነስቶ የጎድን አጥንቷ (ጣውላው የሚያያዝበት የውስጥ እንጨት) የሚታይበት ፎቶ አያጣም።

ሌላ አድማጭ፦ እኔ ገዝቼ በጸደይ ውሃ ላይ ሳወርዳት አፈሰሰች፣ ተሸወድኩ?

መልስ፦ አይዞህ ወንድሜ፣ የብርዱን ወራት የብስ ላይ ስለከረመች ጣውላው ደርቆ ተኮማትሯል። የመጥረቢያ እጀታ ሲላላ ውሃ ውስጥ እንዘፈዝፈው የለ? እሷም እንደዛው ጠጥታ ታብጥና ትገጥማለች። ፓምፕ አድርግላት፣ ብቻዋን እንዳትተዋት፣ በተለይ የመጀመሪያውን ሌሊት። ከሳምንት በኋላም ካላቆመች ግን ጣውላውን የያዙት የመዳብ ሪቬቶች (ጫፋቸው ተቀጥቅጦ የተጠፈጠፈ ሚስማሮች) ላልተው ወይ አጥንቷ ተሰንጥቆ ይሆናል፣ አውጥተህ የእንጨት ጀልባ የሚያውቅ አናጢ አሳያት።