ስምንት ሳህን፣ ያለ ሜኑ

ሰላም ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ናችሁ? ደሴ ዛሬም ጭጋጓን ተከናንባለች፣ የጦሳ አናት አይታይም። እንዲህ ያለ ብርድ ስለ ምግብ ያስወራል። የዛሬው ወሬዬ ግን ስለ አንድ ለየት ያለ አበላል ነው። ሜኑ አይሰጣችሁም። ቁጭ ትላላችሁ፣ ወጥ ቤቱ ያሰበውን በየተራ ያመጣላችኋል፤ ስድስት፣ ስምንት፣ አንዳንድ ቦታ ከዚያም በላይ ትናንሽ ሳህን። ጃፓኖች «ኦማካሴ» ይሉታል፣ «ለእርስዎ ትቻለሁ» እንደ ማለት ነው። እኛ የቅምሻ ሜኑ እንበለው።

«ያልመረጥኩትን እንዴት እበላለሁ?» የሚል ሰው አይጠፋም። ኧረ ተዉ! ሰው ቤት ተጋብዘን መቼ መርጠን እናውቃለን? ጉርሻ ሲመጣ አፍ መክፈት ነው እንጂ ውስጡ ምን አለ ብሎ የሚመረምር የለም። በያይነቱስ ቢሆን ቅምሻ አይደል? ልዩነቱ በያይነቱ ሁሉንም ባንዴ ፊታችን ይዘረግፈዋል፣ የቅምሻ ሜኑ በሰዓት ያሰልፈዋል። አውሮፓም እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ በትልልቅ ግብዣዎች ብዙውን ምግብ ባንዴ ጠረጴዛ ላይ ይደረድር ነበር። አንድ በአንድ ማቅረቡ ከሩሲያ የመጣ ስለሆነ ዛሬም የሩሲያ አቀራረብ ይባላል።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ሰርፕራይዙ የበላተኛው ነው፤ ወጥ ቤቱ ሰርፕራይዝ አይወድም። ስለዚህ ቢያንስ ከሁለት ቀን በፊት ደውሉና ሁሉንም ተናገሩ። ሌላ አገር መጀመሪያ የሚጠየቀው አለርጂ ነው። እዚህ ደሴና ኮምቦልቻ ግን ከዚያ የሚቀድም ጥያቄ አለ፤ ሥጋው የማን እርድ ነው? የወሎ ሠርግ ይህን ድሮ ፈትቶታል፣ ለሙስሊሙም ለክርስቲያኑም ለየብቻ ይታረዳል፣ ለየብቻ ይሠራል፣ ሁሉም አብሮ ይጫወታል። ስምንት ሳህን በየተራ ሲወጣ ግን ነገሩ ይከብዳል። ሥጋውን ሁሉ ሁለት ሁለት አድርጎ መሥራት ማለት ድስቱም፣ ቢላዋውም፣ መክተፊያውም እጥፍ ነው፣ በመሃል አንድ ጭልፋ ከተሳሳተ ደግሞ አለቀ። እኔን ከጠየቃችሁኝ ከስምንቱ ስድስቱን የጋራ ማድረግ ይሻላል፤ ጥራጥሬ፣ አትክልት፣ ዓሣ። እርድ የሚለየው ሁለቱ ሳህን ላይ ብቻ ይሁን።

የተደበቀውም ነገር አለ። አትክልት ነው የተባለው ሳህን በአጥንት መረቅ በስሎ ሊሆን ይችላል። ወጡ ላይ የፈሰሰ ወይን «ተኗል» ቢሏችሁ አትመኑ፣ ቢፈላም የተወሰነው አልኮል ይቀራል። ጣፋጩ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ጄላቲኑ ከምን እንደተሠራ ጠይቁ፣ ብዙ ጊዜ ከአሳማ ወይም ከከብት ነው። ጾም ላይ ከሆናችሁ ደግሞ «ጾም ነኝ» ብሎ ማቆም አይበቃም። ዓሣ የምትበሉ አላችሁ፣ የማትበሉ አላችሁ፤ ለይታችሁ ተናገሩ። ሰሊጥ፣ ኦቾሎኒ፣ እንቁላል፣ ወተት የማይስማማው ሰውም «አልወድም» አይበል፣ «ያመኛል» ይበል። ላልተወደደ ነገር ወጥ ቤቱ አንድ ማንኪያ ይቀንሳል፣ ለሚያም ነገር ግን መጥበሻ ይቀይራል።

መጠኑን በተመለከተ አብሽሩ፣ አትራቡም። አንዱ ሳህን ከ40 እስከ 60 ግራም ነው፣ ሁለት ሦስት ጉርሻ ማለት። በ60 ብናስበው ስምንቱ 480 ግራም ይሆናል። አንድ ሙሉ እንጀራ ብቻውን ከ300 ግራም በላይ ስለሚመዝን፣ ጎን ላይ ግማሹን ያስቀመጠ አስተናጋጅ አምስተኛው ሳህን ላይ እንግዶቹን ወንበር ሲደገፉ ያያቸዋል። በየሳህኑ ጣት የምታክል ጥቅልል ትበቃለች።

ቅደም ተከተሉ ላይ ቀልድ የለም። ቀዝቃዛውና ኮምጠጥ ያለው ይቀድማል፤ አዚፋ፣ ሱፍ ፍትፍት። ከዚያ ዓሣው፣ ከዚያ ክኩና አትክልቱ። ስልጆ ሰናፍጩም እርሾውም አፍንጫ ስለሚይዝ ከዓሣው በኋላ ይሁን። ሚጥሚጣና አዋዜ የነካው ሁሉ ወደ መጨረሻው ይሄዳል። በርበሬ ውስጥ ያለው የሚያቃጥል ነገር፣ ካፕሳይሲን፣ በውሃ አይሟሟም፤ ሦስተኛው ሳህን ላይ ምላስ ከተቃጠለ የሚቀጥሉት ሁለቱ ሳህኖች ጨው ይኑራቸው አይኑራቸው አይታወቅም። ቅባትና የወተት ፕሮቲን ግን ያነሡታል፤ አይብ የሚያበርደን ለዚህ ነው። ስለዚህ ከሚያቃጥለው ሳህን ጋር አንድ ማንኪያ አይብ፣ ለጿሚ ደግሞ የተልባ ውሃ ይሰናዳ፤ ተልባው እንደ አይብ ባይሆንም ጉሮሮ ያለሰልሳል።

አሁን የደሴን ብርድ እናምጣው። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ውሃ እዚህ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ኮምቦልቻ ወርዳችሁ 94 ገደማ። ውሃው በዝቅተኛ ሙቀት ስለሚፈላ ጥራጥሬ ለመብሰል ይዘገያል። ለቆላ ወይም ለባሕር ዳርቻ አገር የተጻፈ መመሪያ ይዞ ሽምብራ የጣደ ሰው በተባለው ሰዓት ቢያወጣው ጥርስ ይሰብራል። ሌሊቱን መዘፍዘፍ፣ ቲማቲሙን ደግሞ እህሉ ከለሰለሰ በኋላ መጨመር ነው፣ አሲድ የጥራጥሬን መብሰል ያዘገያል። ፕሬሸር ኩከር ካለ ተገላገላችሁ።

ከሁሉ በላይ የማየው ጥፋት ግን ሳህኑ ነው። ሐምሌ ማታ መደርደሪያ ላይ የዋለ ሸክላ ሳህን እንደ ድንጋይ ይቀዘቅዛል። እዚያ ላይ 50 ግራም ዶሮ ወጥ ስታወጡ ወጡ ሙቀቱን ለሳህኑ ሰጥቶ ይጨርሳል። ቅቤ ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ባለው ነው የሚቀልጠው፣ ከዚያ ሲወርድ ይረጋል። መጀመሪያ የቀዩ መረቅ ጠርዝ ይደበዝዛል፣ ከዚያ ብርቱካናማ ቆዳ ይይዛል፣ አፍ ውስጥ ሲገባ ላንቃ ላይ እንደ ሰም ይለጠፋል። እንግዳው «ቅቤው በዛ» ይላል። ቅቤው አልበዛም፣ ሳህኑ ነው የቀዘቀዘ። ትልቅ ድስት ወጥ ለረጅም ሰዓት ሙቀቱን ይይዛል፣ ሁለት ጉርሻ ግን አይችልም። ሳህኑን ለሩብ ሰዓት ያህል 60 ዲግሪ ኦቨን ውስጥ ማቆየት፣ በደረቅ ጨርቅ ማውጣት፣ ወጡን ጨምሮ ወዲያው መክደን። ለአዚፋውና ለሱፉ ደግሞ ቀዝቃዛው ሳህን ይሁን፣ ሁሉንም አሙቁ አላልኩም።

በሳህንና በሳህን መካከል ከ12 እስከ 15 ደቂቃ ያስፈልጋል፣ በጠቅላላው ሁለት ሰዓት ገደማ። ጠረጴዛው አብሮ ስለሚጀምር ማታ 1 ሰዓት ከተባለ 1 ሰዓት ነው፣ «እየመጣሁ ነው» የሚል ሰው ሌሎቹንም ያስርባል። ለሶላት ወይም ለስልክ የሚነሣ ካለ አስተናጋጁ ሮጦ ለወጥ ቤት ይንገር፣ ቀጣዩ ሳህን እሳት ላይ ሳይወጣ ይጠብቀው። ረመዳን ከሆነ ደግሞ በቴምርና በውሃ ካፈጠሩና ከሰገዱ በኋላ ይጀመር፤ ቀኑን ሙሉ የጾመ ሰው በየ15 ደቂቃው ሁለት ጉርሻ እየጠበቀ አያፈጥርም።

ዋጋውን ቀድሞ መጠየቅ አያሳፍርም። 3,000 ብር የተባለው ላይ አገልግሎት 10 በመቶ ሲታከል 3,300፣ በዚያ ላይ 15 በመቶ ቫት ሲጨመር 3,795 ይሆናል። መጠጥ ለብቻው ነው ወይ የሚለውንም አትርሱ።

ቡናው እንዴት ይሁን? ወሎ ላይ ሆነን ያለ ቡና ተነሡ ማለት አይሆንም። ግን ቡና የሚቆላበት ጭስና እጣኑ ቤቱን ከሞላው የሰባተኛው ሳህን ሽታ ጠፋ ማለት ነው። ስለዚህ ስድስተኛው ሳህን ሲወጣ ቡናው በረንዳ ላይ ይቆላ፣ ይወቀጥ፣ ይፍላ፤ እጣኑ ግን የመጨረሻው ሳህን ተነሥቶ ጠረጴዛው እስኪጠረግ ይቆይ። ከዚያ አቦል፣ ቶና፣ በረካ። ስኳር ነው ወይስ ጨው የሚለው በስልክ አይጠየቅም፣ እሱን እዚያው ረከቦቱ ጋ ተነጋገሩ።