በግራ ኪስ ፓኮ፣ በቀኝ ኪስ ቬፕ

እንደምን አመሻችሁ። ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

«ቬፕ፣ ማለትም የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ፣ ሲጋራ ለማቆም ይጠቅማል ወይ? እሱን ንገረን» ተብዬ ነው የተጋበዝኩት። እኔን ጠቅሞኛል። ከመጥቀሙ በፊት ግን ሰባት ወር ሙሉ ሸውዶኛል። ዛሬ የማወራው በአብዛኛው ስለዚያ ሰባት ወር ነው።

ያኔ ጃኬቴ ግራ ኪስ ውስጥ ፓኮ፣ ቀኝ ኪስ ውስጥ ቬፕ ነበር። ቤት ውስጥ ቬፕ እስባለሁ፤ ውጭ ስወጣ ሲጋራ አጨሳለሁ። ለጠየቀኝ ሁሉ «እያቆምኩ ነው» እላለሁ። ውሸት አልመሰለኝም። በቀን ከ20 ወደ 5 ወርጄ የለ! ሌላ ምን ይፈለጋል?

አንድ ሌሊት የቬፑ ባትሪ አለቀ። ፓኮውም ባዶ ነው። በረንዳ ወጥቼ በስልክ መብራት መተርኮሻውን መበርበር ጀመርኩ። ረዘም ያለ ቁራጭ አገኘሁ። ዝናብ ነክቶታል። ጫፉን በላይተር አድርቄ ለኮስኩት። የሚነድ እርጥብ ካርቶን ነበር የሚመስለው። ጨረስኩት። እያቆምኩ እንዳልሆነ የገባኝ እዚያው በረንዳ ላይ ቆሜ ነው። ትስቃላችሁ አይደል? እስቲ ቁራጭ ለቅሞ የማያውቅ አጫሽ ካለ እጁን ያውጣ።

አጫሽ የሚፈልገው ኒኮቲኑን ነው፤ የሚገድለው ግን በዋናነት ጭሱ ነው። ይህን ሐኪሙ ማይክል ራስል ገና እ.ኤ.አ. በ1976 ጽፎታል። ትምባሆ ሲነድ ከ7,000 በላይ ኬሚካሎች ይወጣሉ፤ 70 ገደማ የሚሆኑት ካንሰር ያመጣሉ። እንደ ሬንጅ የሚያጣብቀው ታር ሳንባ ላይ ይለጠፋል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ደግሞ ደማችን ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይቀማል። ኒኮቲን ምስኪን ነው ማለቴ አይደለም። ልብ ያስሮጣል፤ ከዚያም በላይ ሰውን አስሮ የሚያስቀምጠው እሱ ነው።

ቬፕ ውስጥ የሚነድ ትምባሆ የለም። ባትሪ፣ በጥጥ የተያዘች ቀጭን ሽቦና ፈሳሽ ነው ያለው። ስትስቡ ሽቦዋ ትግላለች፣ ፈሳሹ ይተናል። ስለዚህ የሲጋራው ታር አይኖርም። ሌሎች ጎጂ ነገሮች ይኖራሉ፤ መጠናቸው ግን ከሲጋራው በእጅጉ ያነሰ ነው። «ምንም አያደርግም» የሚላችሁን ሰው ግን አትመኑ። አሁን የምናውቀውን ዓይነት ቬፕ የሠራው ቻይናዊው ፋርማሲስት ሆን ሊክ ነው፤ ዓመቱም እ.ኤ.አ. 2003። የሳንባ ካንሰር ደግሞ አሥርት ዓመታት ቆይቶ ነው የሚመጣው፤ ስለዚህ የረዥም ጊዜ ጉዳቱን ገና በደንብ አናውቅም። አጭሳችሁ የማታውቁ እዚህ ካላችሁ፣ በተለይ ወጣቶች፣ ይህ ወሬ እናንተን አይመለከትም። ቬፕ ለእናንተ አዲስ ሱስ ነው፣ በቃ።

ሆን ሊክ ራሱ አጫሽ ነበር። አባቱ በሳንባ ካንሰር ሞተዋል። የሚገርመው፣ ቬፑን ከሠራ ከዓመታት በኋላም ሁለቱንም እንደሚጠቀም ለጋዜጠኞች ተናግሯል። ይህን ሳነብ ጃኬቴ ትዝ አለኝ።

እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ አንድ የእንግሊዝ ጥናት አለ። 886 አጫሾችን ወሰዱ። ግማሾቹ ቬፕ፣ ግማሾቹ ደግሞ እንደ ቆዳ ላይ ልጣፍና ማስቲካ ያሉ የኒኮቲን ምትኮችን ያዙ። ሁሉም በየሳምንቱ የሚያማክራቸው ሰው ነበራቸው። ከዓመት በኋላ ከቬፕ ተጠቃሚዎቹ 18 በመቶ፣ ከሌሎቹ 10 በመቶ ገደማ ሲጋራ እርግፍ አድርገው ትተዋል። እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። ገልብጣችሁ ስታዩት ግን ቬፕ ይዘው ከ100 ሰው 82ቱ አልሆነላቸውም። ከተሳካላቸውም ውስጥ 80 በመቶው ከዓመት በኋላ ቬፑን አልለቀቁም ነበር።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2024 ባወጣው መመሪያ የኒኮቲን ምትኮችን፣ እንዲሁም ቫሬኒክሊን፣ ቡፕሮፒዮንና ሳይቲሲን የሚባሉ መድኃኒቶችን ይመክራል። ቬፕ እዚያ ውስጥ የለም። እንግሊዝ በ2023 ለአንድ ሚሊዮን አጫሾች ቬፕ አድላለሁ አለች፤ ህንድ ደግሞ በ2019 ጭራሽ ከልክላዋለች። የምትኖሩበት አገር ሕግ ምን እንደሚል አጣሩ። እኔ በበኩሌ መጀመሪያ ሐኪም አማክሩ ነው የምለው። ልጣፉን ሁለት ጊዜ ሞክሬዋለሁ። ክንዴ ላይ ተለጥፎ ኒኮቲኑን ይሰጠኛል፣ እጄ ግን ሥራ ፈታ። እጄን ሥራ ያስያዘልኝ ቬፕ ነው።

አሁን ወደዚያ ሰባት ወር ልመለስ። «ቀንሻለሁ» የሚለው ነገር ነው ያሞኘኝ። እ.ኤ.አ. በ2018 ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ ያየ ሥራ ወጥቶ ነበር። በቀን አንድ ሲጋራ ብቻ የሚያጨስ ሰው፣ 20 የሚያጨሰው ላይ ከሚመጣው ተጨማሪ የልብ ሕመም አደጋ ግማሽ ያህሉን ይሸከማል። አንዷ ብቻ! እኔ ደግሞ በአምስት እየተኩራራሁ ነበር። ልብ እንደ ባለሱቅ ቅናሽ አታደርግም።

ለምን እንዳልቆረጠልኝ የገባኝ ቆይቶ ነው። ሻጩ «ቀላሉ ይሻልሃል» ብሎ ኒኮቲኑ በጣም ያነሰ ፈሳሽ ሰጠኝ። ጤና ጠበቅሁ ብዬ ደስ አለኝ። ግን አያጠግብማ! ስቤ ስቤ ሀራራው ስለማይበርድልኝ ወደ ፓኮው እመለሳለሁ። ከባድ አጫሽ በደካማ ፈሳሽ ሲጀምር ብዙውን ጊዜ የሚሆነው ይኸው ነው። የአውሮፓ ኅብረት ጣሪያ በሚሊ ሊትር 20 ሚሊ ግራም ነው። መጠኑን ከባለሙያ ጋር ምረጡ እንጂ ከሻጭ ጋር አትምረጡ።

አሳሳቡም ይለያል። እንደ ሲጋራ ቶሎ ቶሎ ስትመጠምጡት ያስላል። ቀስ አድርጎ ረዘም ላለ ጊዜ ነው የሚሳበው። የሲጋራ ኒኮቲን በሰከንዶች ውስጥ አንጎል ይደርሳል፤ ቬፕ ብዙ ጊዜ ዘገም ይላል። ስለዚህ ሀራራው አናታችሁ ላይ እስኪወጣ አትጠብቁ። ሲጀማምራችሁ ሳቡ።

ምንጩ የማይታወቅ ፈሳሽ ደግሞ አትንኩ። አሜሪካ ውስጥ በ2019 ከቬፕ ጋር ተያይዞ በተነሳው የሳንባ ጉዳት እስከ ቀጣዩ የካቲት 68 ሰው ሞቷል። ዋናው ተጠርጣሪ የካናቢስ ፈሳሽ ውስጥ የተጨመረ የቫይታሚን ኢ ዘይት ነበር።

እኔ አንድ እሑድ ቀጠርኩ። ቅዳሜ ማታ የቀሩትን ሦስት ሲጋራዎች ውኃ ውስጥ ነከርኳቸው፤ ቁራጭ ለቃሚ መሆኔን አውቃለሁና። መተርኮሻውን አጥቤ ሰጠሁ። ላይተሩን ጣልኩ። ጠንከር ያለ ፈሳሽና ትርፍ ባትሪ ገዛሁ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ሲኦል ነበሩ። በአራተኛው ቀን ከሊፍት ስወርድ አብራኝ የነበረች ጎረቤቴ «ሽቶ ቀየርክ እንዴ?» አለችኝ። ሽቶ ተቀብቼ አላውቅም።

ቬፑን ለመተው ሌላ 11 ወር ፈጀብኝ። አልተቻኮልኩም፤ ሲጋራው እንዳይመለስ ፈርቼ። መጀመሪያ መኝታ ቤት ውስጥ መሳብ ተውኩ። ከዚያ የኒኮቲኑን መጠን ደረጃ በደረጃ አወረድኩ። ሀራራው ሲያይልብኝ አንድ ደረጃ ወደ ላይ የተመለስኩበት ወርም ነበር። መጨረሻ ላይ ቬፑን የት እንዳስቀመጥኩት መርሳት ጀመርኩ።

አሁንም መሳቢያ ውስጥ አለ። ቻርጀሩን ግን ለሰው ሰጥቻለሁ።